ከእንዝርት እስከ ናኖቲዩብ፦ ገንዘቡ ክሩ ላይ ነው

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። አንድ ጋቢ ተሠርቶ እስኪያልቅ የበለጠ ጊዜ የሚበላው የቱ ነው? መሸመኑ ወይስ መፍተሉ?

ይህንን ጥያቄ ኩልፎ ድልድይ አካባቢ ሻይ እየጠጣን ለጓደኞቼ አቅርቤላቸው ነበር። በአንድ ድምፅ «መሸመኑ ነዋ!» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ዶርዜ ሲባል ሁላችንም ዓይን ላይ የሚመጣው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያ የሚያመላልሰው ሰውዬ ነው። ፖስተሩም፣ ቪዲዮውም፣ የቱሪስት ፎቶውም እሱ ነው። ከጀርባው ቁጭ ብላ እንዝርት የምታሾረው እናት ፎቶው ውስጥ ብትገባ እንኳ ስሟን የሚጠይቅ የለም።

መልሱ ግን መፍተሉ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ክንድ በክንድ ይፈተላል። አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉታል። ዛሬ ሽሮ ሜዳም ሆነ ጨንቻ በብዛት የምታዩት ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል የሆነው በሌላ ምክንያት አይደለም። የእጅ ፈትል አይደርስም። በቃ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ሰሞኑን ስልኬ ላይ ስለማነበው ሌላ ክር ላወራችሁ ስለፈለግኩ ነው። የካርበን ናኖቲዩብ ክር። «ከብረት የሚጠነክር፣ እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ፣ እንደ ጨርቅ የሚሰፋ» እየተባለ ቪዲዮ የሚሠራለት ጥቁር ክር። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ስናይ «ይህ ለነሱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ትዝ የሚለኝ የዶርዜ እንዝርት ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ናኖቲዩብ ማለት ከካርበን ብቻ የተሠራ ቱቦ ነው። ካርበኑ ያው ከሰሉ ውስጥ፣ እርሳሱ ውስጥ ያለው ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 በዝርዝር ካሳየው ወዲህ ዓለም አብዶለታል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ቅጥነቱ ለጉድ ነው፤ የፀጉራችንን አንድ ዘለላ በአስር ሺዎች ቦታ ብትከፋፍሉት ነው። ጥንካሬውን መሐንዲሶች በጊጋፓስካል ይለኩታል፤ እኛ በኩንታል እንለካው። ስሌቱ ቀላል ነው። 1 ጊጋፓስካል የሚችል ክር ማለት፣ ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን 1 ኩንታል ገደማ ተንጠልጥሎበት የማይበጠስ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ጥጥ ግማሽ ኩንታል እንኳ ከያዘ ጎበዝ ነው። ጠንካራ የብረት ሽቦ 2 ኩንታል ገደማ። እንከን የሌለው አንድ ናኖቲዩብ ደግሞ እስከ 100 ኩንታል! የአንድ ትልቅ አይሱዙ ጭነት በአንድ ቀጭን ገመድ እንደማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ቁመቱ ነዋ። ከፋብሪካ የሚወጣው ናኖቲዩብ ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትርም በጣም ያነሰ ነው። በጅምላ ሲታይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ነው። በዱቄት ደግሞ ምንም ነገር አይታሰርም።

እዚህ ጋ ነው ዶርዜ የምትመጣው። የጥጥም ችግር ያው ነው። አንዷ የጥጥ ፋይበር ቁመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ነጠላው ግን 3 ሜትር ይሆናል፤ ክሩም ማለቂያ የለውም። ሙጫ የለው፣ ቋጠሮ የለው፣ እንዴት ተያያዘ? በመጠምዘዝ። ፋይበሮቹ ጎን ለጎን ሆነው ሲከርሩ፣ ክሩ በተጎተተ ቁጥር እርስ በርስ ይተናነቃሉ። ጉተታው ራሱ ወደ መጨበጥ ይለወጣል። ይህን ፊዚክስ የጋሞ ደጋ እናቶች በጣታቸው ያውቁታል። አንድ ጊዜ ዶርዜ ላይ አንዲትን እናት «እማማ፣ እኔም ልሞክር» ብዬ እንዝርቱን ተቀብዬ ነበር። ክሩ እንዲጠነክርልኝ ብዬ ደጋግሜ አሾርኩት፤ ተበጠሰ። «ልጄ፣ ሲከር ይበጠሳል» አሉኝና ሳቁብኝ። ስለ ጠብ የሚባል አባባል ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእንዝርት የመጣ የቴክኒክ ምክር ነው! ክር የሚጠነክርበት የመጠምዘዝ ልክ አለው፤ ከዚያ ካለፈ እያንዳንዱ ፋይበር ወደ ጎን ስለሚዞር ሸክሙን ቀጥ ብሎ መያዝ ያቅተዋል። የናኖቲዩብ ክር የሚፈትሉ መሐንዲሶችም የሚጨነቁበት አንዱ ነገር ይኸው ልክ ነው።

ለነገሩ ናኖቲዩብ ከጥጥ የባሰ አመል አለው። ገጽታው ለስላሳ ስለሆነ ጎን ለጎን ያሉት ቱቦዎች ይንሸራተታሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ግን የሚያስቸግረው ማበሩ ራሱ ነው። ነጠላው ቱቦ 100 ኩንታል ይችል የነበረው፣ ሚሊዮኖች ተሰብስበው ክር ሲሆኑ ጥቂት ኩንታል ላይ ይቆማሉ። ያ ሁሉ ጥንካሬ የሚፈስሰው በመገጣጠሚያው ነው። ስለዚህ ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ዋናው ትግል ቱቦውን መሥራት ላይ ሳይሆን መፍተሉ ላይ ነው።

አሁን የማወራው ታሪክ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ በጣም የሳበኝ ክፍል ነው። እነማን ፈተሉት?

በ2002 ቤጂንግ የሚገኘው የፅንኋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኖቲዩቦችን እንደ ስንዴ ማሳ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገው አበቀሏቸው። ከዳር ቆንጠጥ አድርገው ሲጎትቱ አንዱ አንዱን እያስከተለ ወጣ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ክር። ነገሩን ያመሳሰሉት ከምን ጋር መሰላችሁ? ከሐር ትል ጎጆ ክር ከመሳብ ጋር። የሐር አገር ሰዎች አይደሉ!

በ2004 ደግሞ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ያሉት ሬይ ባውማን እና ባልደረቦቻቸው ያንን ክር እየሳቡ መጠምዘዝ ጨመሩበት፤ ጥንካሬው በብዙ አደገ። ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥንታዊ ቴክኖሎጂን አሳንሶ ስለመጠቀም የሚናገር ነው። ጥንታዊ ያሉት እንዝርትን ነው እንግዲህ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኬን አትኪንሰን የሚባል ሰው ነው። የመጣው ከየት ነው? ከአውስትራሊያ የመንግሥት የምርምር ድርጅት የጨርቃጨርቅ ክፍል። አውስትራሊያ የበግ ፀጉር አገር ናት፤ ሱፍ እንዴት እንደሚፈተል ለአሥርተ ዓመታት ሲለኩ፣ ሲመረምሩ፣ ሲጽፉ የኖሩ ሰዎች አሏት። ናኖቲዩብ ሲመጣ ያ እውቀት አልተጣለም። ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ካምብሪጅ ውስጥ እነ አላን ዊንድል ሌላ መንገድ አመጡ። ምድጃ ውስጥ የአልኮል ትነት ይገባል፤ አዎ፣ ኢታኖል፣ ያ አረቄያችን ውስጥ ያለው። ካርበኑ ናኖቲዩብ ሆኖ እንደ ጭስ ይንሳፈፋል፤ ጭሱን በሚሽከረከር ዘንግ ጠቅልለው እንደ ክር ሳይቋረጥ ያወጡታል። ጭስ መፍተል ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሂውስተን፣ ከራይስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዱቄቱን በጣም ኃይለኛ አሲድ ውስጥ ያሟሙትና በቀጭን ቀዳዳ ገፍተው እንደ ፓስታ ያወጡታል። በ2013 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ዋናው ጽሑፍ የመጀመሪያ ጸሐፊው ስም ናትናኤል በሀብቱ ይላል። እውነቴን ነው፣ ስሙን ሁለቴ ነው ያነበብኩት! አብሯቸው የሠራው ኩባንያ ደግሞ ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበትን አራሚድ የሚባል ክር የሚያመርተው ቴይጂን አራሚድ ነው። አሁንም ያው ነው፤ ክር የሚፈትል ኩባንያ።

አያችሁልኝ? ሐር፣ ሱፍ፣ አራሚድ። አዲሱን ክር የፈተሉት ከአሮጌው ክር አጠገብ የነበሩ ናቸው።

ዛሬስ የት ደረሰ? በ2021 የራይስ ቡድን 4.2 ጊጋፓስካል ደርሷል፤ በኛ ሚዛን 4 ኩንታል ከምናምን። በ2024 የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ8 ኩንታል በላይ የሚችል ክር አሳይተዋል፤ በድንገተኛ ምት ሲፈተሽ ደግሞ 14። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ማጋነን አልወድም፤ ቪዲዮዎቹ የማይነግሯችሁን ልጨምር። አንደኛ፣ ለአውሮፕላን አካል የሚውለው ተራው የካርበን ፋይበር ራሱ ከ5 እስከ 7 ኩንታል ይችላል፤ ዋጋውም የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ «መዳብን ይተካል» ለሚባለው፣ የ2021ዱ ክር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን አንድ አምስተኛ አይሞላም። ቀላል ስለሆነ በክብደት ስናሰላው ነው መዳብን ሊደርስበት የተቃረበው። ግን በክብደት ከሆነ አሉሚኒየም ሁለቱንም እጥፍ ይበልጣቸዋል። ከህዳሴ ግድብ ኃይል የሚያወጡት ሽቦዎች አሉሚኒየም በብረት ላይ የተጠመጠመባቸው ናቸው። ስለዚህ ነገ ምሰሶ ላይ ጥቁር ክር አትጠብቁ። መጀመሪያ የሚገባው ክብደት ገንዘብ በሆነበት ቦታ ነው፤ ሳተላይት፣ አውሮፕላን፣ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ የሕክምና መሣሪያ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ናኖቲዩብ ዱቄቱ ዛሬ በብዛት ይመረታል። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልጥ ይጨመራል፤ ትልቋ አምራችም ገበያም ቻይና ናት። ዱቄቱ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ዋጋው እየወረደ ሄዷል። የማይቋረጠውን ክር በጥራት የሚያወጡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከራይስ የወጣው ዴክስማት የሚባለው ኩባንያ ጋልቮርን በሚል የንግድ ስም ይሸጠዋል። ናኖኮምፕ የሚባለውን ሌላ አምራች ሃንትስማን የሚባለው የኬሚካል ኩባንያ በ2018 ገዝቶታል። ትርፉ ያለው ዱቄቱ ክር በሚሆንበት ቦታ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ አብዮት ከየት ጀመረ? ከሽመና አይደለም፣ ከመፍተል ነው። በ1733 ጆን ኬይ መወርወሪያውን ፈጣን ካደረገው በኋላ ሸማኔው ክር አጣ፤ ፈታዮች አልደርስ አሉ። ያ የክር ረሃብ ነው በ1760ዎቹ የሃርግሪቭስን እና የአርክራይትን የመፍተያ ማሽኖች የወለደው። ክርን የተቆጣጠረ ጨርቅን ተቆጣጠረ፣ ጨርቅን የተቆጣጠረ ደግሞ የሕንድን ፈታዮች ገበያ አሳጣ። ዩኒቨርሲቲ ስንማረው ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ትርጉሙ የገባኝ የሸማ ድር ከፋብሪካ እንደሚመጣ ሳውቅ ነው።

እኛ የት ነን? መስፋት ላይ ነን። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት ከውጭ የገባ ጨርቅ ቆርጦ ሰፍቶ መላክ ነበር በአብዛኛው ሥራው። በጥር 2022 አሜሪካ ከአጎዋ ስትሰርዘን የሚሰፋው ትዕዛዝ ቀነሰ፣ የሄደው ኩባንያ ሄደ፤ ከበስተኋላ የሚይዘው የክር ፋብሪካ ሰንሰለት አልነበረም። ሽመናም ላይ ነን፤ እሱም በእጅ። መሃሉ፣ መፍተሉ፣ ክፍት ነው። እና በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣው ክርም፣ ቀለሙም አብሮ ወጣ። ሸማኔው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ አላስፈለገውም። በሌላ በኩል ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ የሚመስል የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ ገብቶ አጠገቡ ይሸጣል።

ኩልፎን ይዛችሁ ወደታች ብትወርዱ ነገሩ በዓይን ይታያል። የጋሞ ደጋ ለጥጥ ብርድ ነው። ጥጡ ድሮም ከቆላው፣ ከአባያና ከጫሞ ዙሪያ፣ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ደጋው ይፈትላል፣ ይሸምናል። ዛሬ ቆላው ሙዝ ነው። ገበሬው ልክ ነው፤ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ እኔም ብሆን ሙዝ ነበር የምተክለው። ነገር ግን ጥጡ ሲርቅ ፈታዯም ትርቃለች። ልጇ ደግሞ እንዝርት አትይዝም፤ ቀኑን ሙሉ የተፈተለ ልቃቂት የሚያወጣላትን ታውቃለችና። ይህም ምክንያታዊ ውሳኔ ነው። ሁሉም ምክንያታዊ ውሳኔ ወስኖ እውቀቱ ግን ይጠፋል፤ እንዲህ ያለውን የገበያ ጉድለት መጽሐፍ ላይ በግራፍ ነበር የማውቀው።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነስቶ «ኢትዮጵያ የናኖቲዩብ ፋብሪካ ትክፈት» ቢል ምን እላለሁ? ጥሬ ዕቃው አለ ይለኛል። እውነቱን ነው። በእኛ መስከረም 2018 የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ ጋዙ በዋናነት ሚቴን ነው። ሚቴን ደግሞ ካርበንና ሃይድሮጂን ብቻ ነው። የራይሱ ማቴዮ ፓስኳሊ በ2019 ከሼል 10 ሚሊዮን ዶላር ይዘው የጀመሩት ማዕከል ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ጋዙን ከማቃጠል ለሁለት መክፈል፣ ሃይድሮጂኑን ለነዳጅ፣ ካርበኑን ለክር። ያጓጓል። ግን ጋዙን ይዘን ምድጃውን ብንገዛ የምናወጣው ምንድን ነው? ዱቄት። ዋጋው እየወረደ ያለውን፣ ቻይና በገፍ የምታመርተውን ዱቄት። የጥሬ ጥጥ ታሪክ በጥቁር ቀለም ይደገማል። ደግሞ ናኖቲዩብ እንደ ባዘቶ ቤት ውስጥ የሚነደፍ አይደለም፤ ረጃጅሙና ደረቁ ዓይነት ሳንባ ውስጥ ከገባ እንደ አስቤስቶስ ሊጎዳ እንደሚችል በ2008 በአይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ ታይቷል።

እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ብዙም አያስደምምም። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ጋሞ ፈታዮች አሏት። እነዚህ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። መጀመሪያ የእጅ ፈትሉ ይለካ፦ በአንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ጊዜ ይጠመዘዛል፣ ስንት ይችላል፣ የአንዷ እናት ከሌላዋ ለምን ይጠነክራል። አውስትራሊያ ለሱፍ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ያንን መለካት የቻለ ተማሪ ነገ የጥጥ ፋብሪካ ቢቀጠር ያዋጣዋል፤ ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ፣ ሜዳ ላይ የሚጣለውን የሙዝ ግንድ ፋይበር መፍተል ቢፈልግም ያዋጣዋል፤ ሂውስተን ወይም ቤጂንግ ሄዶ ጥቁሩን ክር ቢፈትልም ያዋጣዋል። ምድጃው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ከመፍተያው አጠገብ ሲቆም።

«መለካት ብቻ?» ትሉኝ ይሆናል። መለካት ዋጋ ያመጣል። ዛሬ ልቃቂት በዓይንና በጣት ነው የሚገዛው፤ ጥሩ ፈታይና መካከለኛ ፈታይ የሚከፈላቸው ልዩነት ትንሽ ነው። ገዢው ጥራቱን ማረጋገጥ ስለማይችል ለሁሉም አማካዩን ዋጋ ይሰጣል፤ ጎበዟ ትታ ትወጣለች፤ የቀረው ፈትል ጥራቱ ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ። ቡና ላይ ደረጃ ስለወጣ ነው ይርጋጨፌ በስሙ የሚሸጠው። የጋሞ ፈትል ደረጃ ቢወጣለት ኖሮ ያቺ ልጅ እንዝርቱን ጥላ ከመሄዷ በፊት ሌላ ስሌት ትሠራ ነበር።

ለመጀመር ብዙ ዶላር አያስፈልግም። የክር ጥንካሬና ጥምዘት መለኪያ ማሽን የጨርቃጨርቅ ላብራቶሪ ሁሉ ተራ ዕቃ ነው። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ኩልፎ ካምፓስ ተነስቶ ጨንቻ ገበያ ለመድረስ ደግሞ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሚኒባስ አለ፣ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ብቻ ጃኬት ያዙ። ያስተማሩኝን እናት ካገኛችኋቸው ሰላም በሉልኝ። ከመሄዴ በፊት የናኖቲዩብ ክር ፎቶ ስልኬ ላይ አሳይቻቸው ነበር። አጉልተው ካዩት በኋላ «ይኼ ደህና ተፈትሏል፣ ጥጡ ግን ቆሽሿል» አሉኝ።